በቲክ ወለል ላይ ጉዝጓዝ

ጡረታ የወጣው ጉልበቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እዚህ ሱዳን፣ የገዳሪፍ ከተማ ሐኪም እግሬን አጥፎ ዘርግቶ ካየ በኋላ፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ መንበርከክ የለም፤ ጸሎትም ቢሆን ተቀምጠው ያድርሱ» ሲለኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከጸሎት ይልቅ ለጣውላ ነው የተንበረከክሁት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ግን ጣውላው ያምር ነበር!

ሥራሽ ምን ነበር ሲሉኝ «ወለል ጠባቂ» እላለሁ። «ወለል ደግሞ ምን ይጠበቃል? ይሸሻል እንዴ?» ይሉኛል። አዎ፣ ይሸሻል። በበጋ እንጨቱ ይከሳና በጣውላና በጣውላ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በክረምት ደግሞ ያብጥና እርስ በርሱ ይጋፋል። አሸዋ ይፍቀዋል፣ ውኃ ያጣምመዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ የነጋዴ ጫማ ከሁሉም ይብሳል። የሚያየው ሰው ካላገኘ ያ ሁሉ የከበረ እንጨት ማገዶ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ መወልወያ መኪና መጥቷል፤ ልጆቹ ቆመው ይነዱታል። አልነቅፍም። ነገር ግን ቆሞ የሚሠራ ሰው ወለሉን አያየውም።

ኋላ በሾዋክ ከተማ የመድኃኒት ቤት ወለል ይዣለሁ፣ በገዳሪፍም የባንክ ወለል ሠርቻለሁ። ደመወዙን አታንሱብኝ፤ ጨው ገዝቶ በርበሬ የማይደግም ነበር። ትምህርት ቤቴ ግን የሐጅ በሽር አዳራሽ ነው። ሐጅ በሽር በፋሽጋ ሰሊጥ የሚያሳርሱ ነጋዴ ነበሩ። አዳራሻቸው ከከተማው ሆስፒታል ፊት ለፊት ነው፤ ድሮ አንድ የግሪክ ነጋዴ ያሠራው፣ ወለሉ ከህንድ አገር በመጣ ቲክ በሚባል እንጨት የተነጠፈ። የገዳሪፍ አፈር ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሕንፃው በድንጋይ ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ ከወለሉ ሥር ፍየል የምታልፍበት ባዶ ቦታ አለ፤ ዙሪያውንም ነፋስ የሚገባበት መስኮት መሳይ ቀዳዳ ተትቶለታል። በአጨዳ ወራት የሰሊጥ ገዢዎች ከየአገሩ መጥተው እዚያ ይቀመጣሉ፤ ዋጋ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ሐጅ፣ «ገዢ ከሰሊጤ በፊት የሚያየው ወለሌን ነው» ይሉ ነበር።

እኔ ከቋራ በጦርነቱ ምክንያት ተሰድጄ ገዳሪፍ ስገባ ያገኘሁት ሥራ በዚያ አዳራሽ የሻይ ብርጭቆ ማጠብ ነበር። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ሻዩን ወለሉ ላይ ደፋው። ሁሉም እርጥብ ጨርቅ ፍለጋ ሲሮጥ እኔ ነጠላዬን አውልቄ እላዩ ላይ ጣልሁና በመዳፌ ተጫንሁት። አልፈተግሁትም፣ ዝም ብዬ ተጫንሁት። ቀና ስል ሽማግሌው የወለል ሠራተኛ ዓም እድሪስ ከአናቴ ላይ ቆመዋል። ዓም ማለት በዐረብኛ አጎት ነው፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጠራቸው። መተማ ገበያ ስላደጉ አማርኛቸው ውኃ ነው።

«ያ ብት! አንቺ ልጅ፣ ይህን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ቀሚሴ ላይ ቅቤ ሲፈስ እንዲህ ነው የማደርገው» አልኋቸው።

«ታማም፣ ደግ ነው። ከነገ ጀምሮ ብርጭቆውን ሌላ ሰው ይጠብ።»

አቤት የተደሰትሁት ደስታ! በማግስቱ ጠዋት ጫማዬን አስወለቁኝና ከምሥራቁ መስኮት ዝቅ ብላ በምትገባው ፀሐይ ፊት ለፊት ጉንጬን ከወለሉ አስደግፈው አስተኙኝ። እሳቸውም አጠገቤ ተኙ። «አሁን እይ» አሉኝ። አየሁ! ቆሜ ስሄድበት አንድ ወጥ የመሰለኝ ወለል ኮረብታና ሸለቆ አለው፤ የጭረቱ መንገድ፣ ሰም የሳሳበት ቦታ፣ የተረገጠው ያልተረገጠው ሁሉ ይታያል። ከዚያ ከኪሳቸው ቆንጥረው ሰሊጥ አወጡና በተኑት፣ ጎንበስ ብለውም በቀስታ እፍ አሉበት። ሰሊጡ እየተንከባለለ ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ቆመ። «ዓይን ይዋሻል፤ ሰሊጥ አይዋሽም» አሉኝ። የተሰበሰበውን ሰሊጥም አንድ በአንድ ለቅመው በሉት። ሐጅ በሽር ሰሊጣቸው በገዛ ወለላቸው ላይ እንደሚበላ ያውቁ ነበር፤ አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩም።

ሰም መሥራትን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። የንብ ሰም በለሰለሰ እሳት ይቀልጣል፣ የተልባ ዘይት ይገባበታል፣ ከዚያ ከእሳቱ ርቆ ይወርድና የቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ይጨመርበታል። እሳቱ ላይ እያለ አኳራጅ የጨመረ ሰው ቅንድቡን ይሰናበት! ተልባ ሲጠፋ አንዳንዱ በሰሊጥ ዘይት ይቀባ ነበር፤ የሰሊጥ ዘይት ግን አይደርቅም፤ አቧራ እየሰበሰበ ወለሉን የዝንብ መያዣ ያደርገዋል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ጨብጠሽ ጥግ ከጣልሽው ማንም ሳይለኩሰው ይነዳል፤ ዘርግቶ ማስጣት ነው። ሰሙን በስሱ መቀባት፣ ማስተኛት፣ ከዚያ በሱፍ ጨርቅ እስኪያበራ ማሸት። ክንዴ ዝሎ ስቆም፣ «ፊትሽ እስኪታይሽ ነው» ይሉኝ ነበር። ፊቴ ሲታየኝ እስቃለሁ፤ ወለሉም ይስቃል።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ።

ያን ጊዜ ያየሁትን ሁሉ ልጻፍ ብል አልችልም። ያገሬ ሰው በመተማ በኩል እየጎረፈ ገባ። ሆስፒታሉ ሞልቶ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በግቢው ዛፍ ሥር ተኙ። አንድ ጠዋት ሐጅ በሽር ከአዳራሹ መስኮት ቆመው ሲያዩአቸው ቆዩና፣ «እድሪስ፣ በሩን ክፈተው። የሚያጠቡት ይግቡ» አሉ።

«ሐጅ፣ ወለሉስ?» አሉ ዓም እድሪስ።

ሐጅ ዘወር አሉ። «ወለሉ አንተ ዘንድ ነው። በአጨዳ ገዢ ሲመጣ አዳራሹን በመጋረጃ እንከፍለዋለን፤ እነሱም በጀርባው ይቆያሉ። ወለሉ ከተበላሸብኝ ግን ገዢው እዚህ አይቀመጥም። ገዢ ካጣሁ ማንንም ማስጠጋት አልችልም፤ በሎሪ ወደ ኡም ጋርጉር ካምፕ እልካቸዋለሁ። ወላሂ፣ ሁለተኛ አልናገርም።»

ሰውዬው ጨካኝ አልነበሩም፤ ሐቁ ይኸው ነበር። ካምፑም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ግን ሩቅ ነው፣ ክረምት ደግሞ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ከእናቶቹ መካከል እናና የምትባል የበለሳ ልጅ ነበረች። ሕፃኗን በየቀኑ መንገዱን ተሻግራ ሆስፒታል ወስዳ ወተት በጠብታ ታስግታለች። ልጅቷ አንገቷ እንኳ አልቆመም። ያቺ ልጅ በሎሪ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ አንድ ሌሊት ብታድር ምን እንደምትሆን ማንም መናገር አያስፈልገውም ነበር። እንግዲህ የእኔና የዓም እድሪስ ሥራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሆነ፤ ወለሉን ስንጠብቅ እነሱን መጠበቃችን ነው።

እንዴት ያለ ሥራ ነበር! ጆንያ በጆንያ ላይ ሰፍተን አነጠፍን። ጠዋት ጠዋት ጆንያው ወጥቶ ይራገፋል፤ ከሥሩ የገባ አሸዋ ወለልን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋልና። የውኃ እንስራ አሸዋ በሞላ ትሪ ላይ ይቀመጣል። ምግብ ጓሮ ይበስላል። ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ጫማ ያላት ብትኖር ነው። የሕፃናቱ ሽንትስ? ለእሱም ሕግ ወጣለት። አንዱ ሕፃን ሲለቀው ያየች «ወለል!» ብላ ትጮኻለች፤ በቅርብ ያለችው ደረቅ ጨርቅ ይዛ ትዘላለች። የኋላ ኋላ ጨዋታ ሆነ። ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ እኛ «ወለል!» እየተባባልን በሳቅ እንፈርስ ነበር።

የጩኸቱ አለቃ እናና ነበረች። «እታለም አስካለ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከልጄና ከወለልሽ ማንን ነው የምትወጂ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ወለሉ አያለቅስም» አልኋት።

«እሷም እንድታለቅስ ነው እኔ የምጸልይ» አለች፤ ልጅቷ ለማልቀስ እንኳ አቅም አልነበራትምና። በሐምሌ አንድ ጠዋት አዳራሹን የሚሰነጥቅ ለቅሶ ሰማን። የእናና ልጅ ነች! ሁላችንም እልል አልን። ዓም እድሪስ ሰሙን ጥለው ወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ጳጉሜን ሲገባ ሰም አለቀብንና ከዓም እድሪስ ጋር ወደ ሾዋክ ገበያ ሄድን። ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። እንቁጣጣሽን እዚያው ዋልን፤ ከዚያ በኋላም ቀናት ተቆጠሩ። በመጨረሻ በአንድ ትራክተር ተጎታች ላይ ተንጠልጥለን፣ ጭቃ በጭቃ ሆነን ገዳሪፍ ገባን። የአዳራሹን በር ስከፍት የተቀበለኝ ሽታ ነው። የአገሬ የመስከረም ሽታ! እርጥብ ሣር፣ ቄጤማ! አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ለምለም ጉዝጓዝ ተጎዝጉዞበታል። ልቤ ጮቤ ረገጠ። ዓይኔ እንባ ሞላ። «እንኳን አደረሳችሁ!» ብዬ አንድ እግሬን አስገባሁ።

እግሬ ነው የነገረኝ። ከሣሩ ሥር ወለሉ እንደታረሰ መሬት ትልም ትልም ሆኗል።

እናና አጥባ የለበሰችውን ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ ሮጣ መጣች። «እንዴት ነው፣ አላማረም? ሐጅ ከእርሻቸው ለእንቁጣጣሽ ይመጣሉ ተብለን ነው። ያን ሁሉ ወር ያስጠለለንን ሰው በጆንያ ላይ እንቀበለው? ጆንያውን አወጣነ፣ ከወንዙ ዳር አጭደን ጎዘጎዝነ። እሳቸውም ቀሩ። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያልን እንዳይጠወልግ ጠዋት ማታ ውኃ እናርከፈክፍበታለን።»

ምን ልበላት? እኔስ ብሆን፣ ያን ሥራ ባልማር ኖሮ፣ ማጭዱን ይዤ ከፊት ከፊት አልሄድም ነበር? በአገራችን የከበረ እንግዳ ባዶ ወለል ላይ አይረግጥም። ሣሩን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት። ውኃው ጣውላና ጣውላ እርስ በርስ በሚነካከሱበት በወንዴና ሴቴ መጋጠሚያው ገብቶ የየጣውላውን ጠርዝ አንሥቶታል፤ ሣሩ የተኛበትም ጠቁሯል። እናና ዝቅ ብላ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ሕፃኗን ዞር ብላ አየቻት። ሁሉም ገባት።

በዚያው ቀን ከፋሽጋ መልእክት ደረሰ፤ ሐጅ መኪናቸው ጭቃ ይዞት እርሻቸው ላይ ናቸው፣ የሚመጡት በአጨዳ ከገዢዎቹ ጋር ነው ተባለ። እኔ ይህን ስሰማ ዕብድ ሆንሁ። መላጊያውን አንሥቼ ያበጠውን ጠርዝ ልልግ ተንበረከክሁ። ዓም እድሪስ መጡና መላጊያውን ከእጄ ወስደው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ እላዩ ላይም ተቀመጡበት።

«የራሰ እንጨት ውሸታም ነው» አሉኝ። «ዛሬ ጠርዙ ከፍ አለ ብለሽ ጠርዙን ትልጊዋለሽ። ሲደርቅ ጠርዙ ይወርዳል፣ መሐሉ ጉብ ብሎ ይቀራል። ያኔ የላግሽውን ከየት ታመጪዋለሽ? ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ በቀስ ነው።»

«ገዢዎቹ እየመጡ ነው እኮ ዓም እድሪስ! ልጅቷ ትሞታለች!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የተቀመጥሁበት።»

ከጥግ አንዲት እናት በቀስታ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። እኔም ከተንበረከክሁበት ተነሣሁ።

ሥራው ተጀመረ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሣሩ ወጣ። ዓም እድሪስ ከወለሉ ሥር ተሳቡና እየሳቁ ተመለሱ፤ እናቶቹ ማገዶ ዝናብ እንዳይነካው ብለው የነፋስ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በእንጨት ሞልተዋቸዋል! ወለሉ ከላይም ከታችም ታፍኖ ነበር ማለት ነው። ማገዶው ወጣ፣ ነፋስ ገባ። በፀሐይ በኩል ያለው መስኮት ተዘጋ፤ በአንድ ጊዜ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃልና። ከዚያ ከአናጢዎች ሰፈር ሰጋቱራ ተሸክመን አመጣን። እናቶቹ ሰጋቱራውን ፀሐይ ላይ አስጥተው ያደርቁታል፣ ወለሉ ላይ ይበትኑታል፣ እርጥቡን ሲጠጣ ጠርገው ሌላ ይበትናሉ። ልጆቻቸውን አዝለው ነው ይህን ሁሉ የሚሠሩት።

ጠዋት ጠዋት ፍርዱ ይሰማል። ዓም እድሪስ ሰሊጥ ሲበትኑ ሁላችንም ዙሪያ ከበን ትንፋሻችንን እንይዛለን። መጀመሪያ ሰሊጡ በየትልሙ ተሰልፎ ይቆም ነበር፤ እናና አንገቷን ትደፋለች። ከዚያ ሰልፉ መሳሳት ጀመረ። ከዚያ አንዳንዱ ፍሬ ትልሙን ዘሎ ማለፍ ጀመረ። አንድ ቀን በአዳራሹ መሐል ዓም እድሪስ እፍ ቢሉ፣ ሰሊጡ እንዳሻው ተበታተነ! አንዱም አልተሰለፈም! እልልታው ሆስፒታሉ ድረስ ተሰምቶ፣ «ምን ተወለደ?» እያሉ ነርሶቹ ወጡ።

ከዚያ በኋላ መላጊያውን ሰጡኝ፤ እሱም ብዙ አላስፈለገኝም። ጥቁሩን በብርጭቆ ስባሪ ፋቅነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፣ ሰም በሰም አድርገን አሸነው። ወለሉ እንደ ቀድሞው አበራ። አንድ ቦታ ብቻ እምቢ አለ። በሩ አጠገብ፣ ሐጅ ሲገቡ መጀመሪያ ይረግጡታል ብለው እናቶቹ ከሁሉም አብዝተው ያጠጡት ቦታ ነው። መጋጠሚያው ተሰብሮ ሦስቱ ጣውላዎች ጎድጉደው ቀሩ። የሚተካ ቲክ በገዳሪፍ የለም። ዓም እድሪስ እዚያች ቦታ ላይ ተንበርክከው፣ «አንቺስ ምነው?» እያሉ እንደ ሰው ሲያነጋግሯት አየሁ። ያን ያህል ዘመን ሲሠሩ ተሸንፈው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐጅ በሽር ገዢዎቻቸውን አስከትለው የገቡት ሰሊጥ በተቆረጠ ሰሞን ነው። ጫማቸውን አወለቁ፤ ልማዳቸው ነው። የወለሉ ወሬ እስከ ፋሽጋ ድረስ ደርሷቸው ኖሯል፤ በሰላምታው መሐል፣ «እድሪስ፣ ሰሊጥህን አውጣ» አሉ።

ዓም እድሪስ በአዳራሹ መሐል በተኑ። ደኅና ነው። በመስኮቱ በኩል በተኑ። ደኅና ነው። ሐጅ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ በሩ መለስ ሲሉ እዚያ ቦታ ላይ እናና ተቀምጣለች። ቀሚሷን እንደ ድንኳን ዙሪያዋን ዘርግታ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ዓይኗን ሰብራ። ማን እንደመከራት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ይህቺ ምነው ከመንገድ ላይ ተቀመጠች?» አሉ ሐጅ።

«ነፋስ ፈልጋ ነው፣ ሐጅ» አሉ ዓም እድሪስ። ሽማግሌው ሲዋሹ ጆሯቸው ይቀላ ነበር።

ሐጅ ከዓም እድሪስ መዳፍ ላይ ሰሊጥ ቆነጠሩ፣ ጎንበስ አሉ፣ ከእናና ቀሚስ ጫፍ አጠገብ በትነው እፍ አሉ። ሰሊጡ ተንከባለለና አንዱም ሳይቀር ከቀሚሷ ሥር ገባ። እናና ልጇን ጥብቅ አደረገቻት፤ ልጅቷ ደግሞ እጇን ዘርግታ የሐጅን ጢም ጎተተች።

ሐጅ ጢማቸውን እስክትለቅላቸው ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው ወደ ገዢዎቹ ዞሩ። «ወንበሩን በዚያ በኩል አድርጉት። እዚህ እናት ተቀምጣለች» አሉ። ወደ እናናም ዝቅ ብለው፣ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «መንገድ እስኪደርቅ እንዳትነሺ» አሏት።

መንገዱ ሲደርቅ እናና ልጇን አዝላ ወጣች፤ ልጅቷ አንገቷን ቀጥ አድርጋ በእናቷ ትከሻ ላይ ታየን ነበር። ዓም እድሪስን ከብዙ ዓመት በኋላ ቀበርናቸው። እኔም ከወለል ወደ ወለል ስዞር ኖሬ በመጨረሻ ወደዚያው አዳራሽ ተመልሼ ነው ጡረታ የወጣሁት።

በመጨረሻው ቀኔ የሐጅ የልጅ ልጅ፣ አሁን አዳራሹን የሚያስተዳድረው፣ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ በዐረብኛ አክስቴ ብሎ፣ «ኻላ አስካለ፣ አሁን እኮ ቲክ ከፖርት ሱዳን ይመጣል። እነዚህን ሦስት ጣውላዎች እንቀይራቸው?» አለኝ።

«አይሆንም፤ ሰው ተቀምጦባቸዋል» አልሁት።

አልገባውም መሰለኝ፣ ሳቀ። እኔ ጉልበቴ እያቃሰተ ተንበረከክሁ፣ ከኪሴ ቆንጥሬ በተንሁና እፍ አልሁ። ሰሊጡ እየተንከባለለ ሄዶ እዚያው ቆመ። አንድ በአንድ ለቅሜ በላሁት።